ሃዲድና ሰመመን፦ «ፋድራ» እና «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕሬስ» ከዚራ ላይ ሲደመጡ

በጅቡቲ የሚኖር አንድ ዘመዴ ባለፈው ወር ድሬዳዋ ሲመጣ፣ ከዓመታት በፊት የለመንኩትን አስታውሶ በድጋሚ የታተሙ ሁለት ሸክላዎች አመጣልኝ። አንደኛው የምዕራብ በርሊኑ የሙዚቃ ቡድን ታንጀሪን ድሪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ያወጣው «ፋድራ» ሲሆን፣ ሁለተኛው የዱሰልዶርፉ ክራፍትቨርክ በ1977 ያወጣው «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕሬስ» ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሁለቱንም በወጣትነቴ ከእጅ ወደ እጅ በተገለበጠ ካሴት አውቃቸው ነበር፤ በሸክላ፣ ከነሙሉ ድምፃቸው ስሰማቸው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ፣ የቀኑ ሙቀት በረድ ካለ በኋላ መስኮቶቹን ከፍቼ ለሦስት ሳምንታት ያህል አመሻሹ ላይ እያፈራረቅሁ አዳመጥኋቸው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከሥሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ያስቀድም ለሚለው ጥያቄ መልስ ስፈልግ፣ እኔ አብልጬ የምወደው ሥራ ዓለምን አብልጦ የለወጠው ሥራ አለመሆኑን መቀበል ነበረብኝ።

ከእነዚህ ቡድኖች በፊት በኤሌክትሪክ ድምፅ መፍጠር በአመዛኙ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሥራ ነበር፤ በጀርመን የኮሎኝ ሬዲዮ ስቱዲዮ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ቢቢሲ በ1958 ያቋቋመው የድምፅ ክፍል በዚህ ይታወቃሉ። ኤድጋር ፍሮዘ በ1967 ታንጀሪን ድሪምን፣ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 ክራፍትቨርክን ሲመሠርቱ ያንን ድምፅ ወደ መድረክና ወደ ተራው አድማጭ ቤት አመጡት። የአሜሪካንና የእንግሊዝን ሮክ ከመቅዳት ይልቅ የራሳቸውን ድምፅ መፈለጋቸው አንድ ያደርጋቸዋል፤ የደረሱበት ቦታ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

«ፋድራ» የተቀረጸው በ1973 መጨረሻ፣ በእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር በነበረው ማነር ስቱዲዮ ነው። ፍሮዘ፣ ክሪስቶፈር ፍራንከና ፔተር ባውማን በዚህ አልበም ላይ ትልቁን የሞግ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን መሣሪያ፣ ከነሲኩዌንሰሩ ሥራ ላይ አዋሉት። ሲኩዌንሰር የተወሰኑ ኖታዎችን በቮልቴጅ መልክ በቅደም ተከተል ይዞ፣ ሰው እጁን ሳያሳርፍበት መልሶ መላልሶ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነውና ከ17 ደቂቃ በላይ የሚወስደው ሥራ የሸክላውን የመጀመሪያ ገጽ ብቻውን ይዞታል። ከጭጋግ የሚመስል ድምፅ ውስጥ አንድ የቤዝ ሐረግ ብቅ ይላል፣ ይፈጥናል፣ ይቀየራል፣ ከዚያም እንደመጣው ሁሉ ቀስ ብሎ ይሰወራል። የዚያ ዘመን ሞግ የሙቀት ለውጥ በቀላሉ ቅኝቱን ያበላሽበት ስለነበር፣ በዚሁ ሥራ ውስጥ የቤዙ ድምፅ ከቅኝቱ ሲንሸራተት ጆሮ ይይዘዋል፤ ሙዚቀኞቹ ግን ስሕተት ነው ብለው አልሰረዙትም። እንደዚያ ያለ መሣሪያ በግንቦት ሙቀት ድሬዳዋ መድረክ ላይ ቢወጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰቡ በራሱ ያስፈራል።

ይህን ገጽ በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ በገና ነው። በገና ደርዳሪው አንዱን ሐረግ ሳይሰለች እየደጋገመ፣ የጅማቱ ርግብግብታ ክፍሉን እየሞላው ሲሄድ፣ አድማጩ ድግግሞሹን መከተሉን ትቶ ወደ ራሱ ውስጥ ይመለሳል። አንዱ ጸሎት፣ ሌላው ዓለማዊ ሙዚቃ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ድግግሞሽ ሰውን ጸጥ የሚያሰኝበት መንገድ በሁለቱም ዘንድ አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ፍሮዘ በሜሎትሮን የሚጫወተው ረጅም ሥራም ከዚህ አያንስም፤ ሜሎትሮን ቁልፉ ሲነካ በውስጡ ባለ የቴፕ ጥብጣብ ላይ አስቀድሞ የተቀረጸ የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ የሚያሰማ ኪቦርድ ነው። የመዝጊያው የባውማን ዋሽንት ግን ሲጀመር ያለቀ ያህል ስለሚያጥር ቅር ያሰኘኛል።

«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕሬስ» ሲኩዌንሰርን ለተቃራኒ ዓላማ ይጠቀምበታል። እዚህ ጭጋግ የለም፤ እያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን ያውቃል፣ በድምፆቹ መካከልም ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አልበሙ ስሙን የወሰደው ከ1957 ጀምሮ የምዕራብ አውሮፓን ከተሞች ያገናኝ ከነበረው የአንደኛ ማዕረግ ባቡር አገልግሎት ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ባቡሩ በእውነት ይነሳል፦ ከበሮው የጎማም የቆዳም ሳይሆን የብረት ድምፅ አለው፣ ከላዩ አንድ ወደ ላይ የሚወጣ አጭር ዜማ ይመጣል፣ ከዚያም ዜማው ቀርቶ ብረት በብረት ላይ ሲመታ ብቻ ይሰማል። ራሷ በ1902 ከባቡር ጋር በተወለደች ከተማ ያደገ ሰው ይህን ክፍል እንደ ሌላ አገር ሰው ሊሰማው የሚችል አይመስለኝም። አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ለገሃር ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ፉርጎዎቹ በሃዲዱ መገጣጠሚያ ላይ ሲያልፉ የሚያሰሙትን ድምፅ በጣቴ እየቆጠርሁ እጠብቀው ነበር። ያ ድምፅ በአሮጌው መስመር ላይ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ ሸክላ ላይ ሳገኘው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ መክፈቻ አምሮበት ለዘጠኝ ደቂቃ ከግማሽ ያህል ሲሄድ፣ ስለ ሱቅ አሻንጉሊቶች የሚናገረው ሦስተኛው ሥራ ግን ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላም ይቀጥላል። በንግግር ዓይነት የሚባለው ዘፈንም ድምፃዊ የሚያደንቅ አድማጭን አያረካም። አልበሙ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ለየብቻ የወጣ በመሆኑ፣ የሚገዛ ሰው የትኛውን እንደያዘ ሽፋኑን አይቶ ያረጋግጥ፤ የእኔ የእንግሊዝኛው ነው። በኅትመት ጥራት ረገድ ሁለቱም ሸክላዎች ንጹሕ ናቸው፤ «ፋድራ» ዝግ ባሉ ክፍሎቹ ላይ ጥቂት ኮሽታ ከማሰማቱ በቀር።

ተጽዕኖን በተመለከተ ግን ሚዛኑ ወደ ዱሰልዶርፍ ያደላል። በ1982 አፍሪካ ባምባታ የተባለው ሙዚቀኛ ከኒው ዮርክ ብሮንክስ ባወጣው «ፕላኔት ሮክ» የዚህኑ ባቡር ዜማ በአዲስ ኪቦርድ አስጫውቶ ከሮላንድ ቲአር 808 ድራም ማሽን (የኤሌክትሮኒክ ከበሮ) ምት ጋር አጣመረው፤ ሂፕ ሆፕና የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ከዚያ ሥራ ብዙ ወስደዋል። በዲትሮይት እነ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሶንደርሰን በአካባቢያቸው ሬዲዮ የሰሙትን ክራፍትቨርክ ከራሳቸው ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው ቴክኖ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ፈጠሩ። የመኪና ፋብሪካ ከተማ ልጆች የፋብሪካ ድምፅ ካለው ሙዚቃ ጋር መግባባታቸው አያስገርምም። በእንግሊዝ ሂዩማን ሊግና ዴፔሽ ሞድ የተባሉት ቡድኖች የሄዱበት መንገድም በዚሁ የተጠረገ ነበር። ከዚህ አልበም ላይ የተወሰደ የሁለት ሰከንድ ምት በ1997 በሌላ ዘፈን ውስጥ በመግባቱ የተነሳው ክርክር እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ውሳኔ ማግኘቱ፣ ሁለት ሰከንድ እንኳ ምን ያህል ዋጋ እንደተሰጠው ያሳያል።

የታንጀሪን ድሪም ውርስ በአመዛኙ በፊልም ሙዚቃና በጸጥታ በሚደመጡ ሥራዎች ውስጥ ይገኛል። በ1977 ለዳይሬክተር ዊልያም ፍሪድኪን ፊልም «ሶርሰረር» የሠሩት ሙዚቃ ሲንተሳይዘር ብቻውን የፊልምን ጭንቀት መሸከም እንደሚችል ያስመሰከረ ሲሆን፣ ቡድኑ ፍሮዘ በ2015 ካረፈ በኋላም ከመቶ በላይ በደረሱት አልበሞቹ ላይ እየጨመረ ነው። ሆኖም «ፋድራ»ን ሰምቶ ከውስጡ አንድ ቁራጭ ማንሳት አይቻልም፤ ያለ ሙሉው አይቆምም። ክራፍትቨርክ ደግሞ ዜማውን አሳጥረው፣ ምቱን አጥርተው፣ ሌላው የራሱን የሚጨምርበት ቦታ ትተውለታል።

ከእኛም አገር ሰዎች ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን፣ ሲንተሳይዘርንና ድራም ማሽንን ብቻውን አቀናብሮ ያወጣው ካሴት፣ ከአውሮፓውያኑ የተማረ ነው ባልልም፣ ማሽንና ቅኝት ሊስማሙ እንደሚችሉ ካስተማሩኝ ሥራዎች ቀዳሚው ነው። ባለፈው እሑድ በሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ ሁለቱንም ሸክላዎች አስደመጥሁት። «ፋድራ»ን በአክብሮት ሰማና «ጋሼ፣ ይኼ ጥሩ ነው፤ ግን ከየት ይያዛል?» አለኝ። ባቡሩ ሲመጣ ግን ዜማው ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይዞር ተነሥቶ ኪቦርዱን ከቤቱ አመጣ፤ መጀመሪያ እንዳለው ተጫወተው፣ ቀጥሎ የችክችካ ምት አደረገበት፣ ዜማውም ትንሽ ተንገራግጮ ገባለት። ሲሄድ ያንኑ ሸክላ በውሰት ወሰደው። ሌላው ማጫወቻው አጠገብ ነበር፤ ሲመሽ መብራቱን ቀንሼ መርፌውን «ፋድራ» ላይ አሳረፍሁት።