ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት፦ ሜጫ ላይ ያስጠናነው የድህነት ተፅዕኖ ቅድመ ግምገማ

ከመራዊ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የአንዲት ትንሽ የልማት ማኅበር ፀሐፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ለጋሽ ለበጋ መስኖ አሥራ ሁለት የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊሰጠን ፈቀደ። ሞተሮቹ ከመገዛታቸው በፊት ግን ለድሃው ምን እንደሚያመጡለት፣ ምንስ እንደሚወስዱበት በባለሙያ ይጠና አለ፤ ለጥናቱም 90,000 ብር መደበ። እኔ ተቃውሜ ነበር። «በዚህ ብር ሞተር ይጨመርበት» ማለቴ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ዛሬ ግን ሌላ ማኅበር ቢጠይቀኝ አስጠኑ ነው የምለው። የቀጠርነውን አማካሪ ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሥራውን ግን እንዳየሁት ልናገር።

ዘዴው የአማካሪው ሁለት ባለሙያዎች የራሳቸው ፈጠራ አይደለም። ኦኢሲዲ የሚባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት እርዳታ ኮሚቴ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ያወጣው መመሪያ ነው። ፕሮጀክቱ የሚነካቸው ወገኖች እነማን ናቸው ብሎ ይለይና ውጤቱ ወደየቤቱ የሚገባባቸውን ስድስት መንገዶች ያያል፦ ዋጋ፣ ሥራ፣ የገንዘብ ዝውውር፣ አገልግሎት፣ ሥልጣንና ሀብት። በየመንገዱ ለእያንዳንዱ ወገን በቅርቡም ሆነ ቆይቶ ይጠቅም እንደሆነ የመደመር፣ ይጎዳ እንደሆነ የመቀነስ ምልክት ይደረጋል። ከጎኑ ደግሞ መረጃው ምን ያህል እንደሚታመን የሚጻፍበት ዓምድ አለ። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የወደድሁት ይህንን ነው። ብዙ የፕሮጀክት ሰነድ አገላብጫለሁ፤ «ይህን የሰማነው ከሁለት ሰው ብቻ ነው» ብሎ የሚጽፍ ግን አልገጠመኝም ነበር።

አጀማመራቸው ጥሩ አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ሊቀመንበሩ የጠራቸውን ሞዴል አርሶ አደሮች ሲያነጋግሩ ዋሉ። አንዱ ቀን የገበያ ቀን ስለነበር ሴቶቹ ወርደዋል። ሠንጠረዡ በመደመር ብቻ ተሞላ።

በሦስተኛው ቀን ከሁለቱ ባለሙያዎች ሴቷ «ቤት ለቤት እንሂድ» አለችኝ። ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ዘንድ ገባን። ጌሾ እየወቀጡ ነበር። «መሬት አለዎት እማማ?» ስትላቸው ዘነዘናውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን የይዞታ ደብተራቸውን ከሣጥን አወጡ። ሦስት ቃዳ፣ ሦስት ሩብ ሄክታር ያህል፣ በስማቸው አለ። በሬ ግን የላቸውምና ለእኩል ሰጥተውታል።

«ሞተሩ ቢመጣ እርስዎ ምን ያገኛሉ?»

«ሞተሩስ ለአራሹ ነው፣ ልጄ። ነዳጁ በማን ነው? በእኔ ከሆነ ከድርሻዬ ይቀነሳል። በጋ ሽንኩርት ተክሎ ካተረፈ ደግሞ መሬቱን በኮንትራት ስጭኝ ይለኛል። እምቢ ካልሁ ክረምቱንም አያርስልኝ።»

ባለሙያዋ ዝም ብላ ሰማቻቸው። ቀጥላ ዘር የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ማዳበሪያ በማን እንደሚገዛ፣ ገለባውስ የማን እንደሚሆን አንድ በአንድ ጠየቀች። ገለባው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አጥኚ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ወረድን። የጎጣችን የመጠጥ ውሃ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ መጋቢት ላይ ይርቃል፣ ሚያዝያ ላይ ጀሪካኑ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ገመዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ፤ አንዱ ታኅሣሥ ላይ፣ ሌላው ሚያዝያ ላይ እጃችን የሚደርስበት። ሜትሯን አውጥታ ለካችው፤ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ከሃያ ሆነ። ሞተሮቹ ሊተከሉ የታሰበው ከዚሁ ጉድጓድ በላይ ነበር።

ሠንጠረዡ ተለወጠ። ሴት የምትመራው ቤት ላይ ሀብትና አገልግሎት የሚሉት ሁለቱም መቀነስ ተደረገባቸው። እኛም ሞተሩን ወደ ስምንት አወረድነው፤ ለግለሰብ መሆኑ ቀርቶ ለቡድን ሆነ፤ ከመጠጥ ጉድጓዶቹም ራቀ። በተረፈው ብር ሦስት ጉድጓድ እያስጠለቅን ነው። ለእኩል የሰጠ ሰው ደግሞ ነዳጁ በማን እንደሆነ ሽማግሌ ፊት ውል ይጻፍለታል።

ቅሬታዬን ልንገር። ረቂቁ የጀመረው በአገር አቀፍ ቁጥር ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ 23.5 በመቶ እንደነበረ አራት ገጽ ተጻፈ። ለእኛ ቀበሌ ምን ይፈይዳል? ከዚህ የከፋው ግን ግጦሹን አለማየታቸው ነው። ቆጋ ቅርባችን ነው። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ መስኖ ነው፤ ስንዴውና ድንቹ በበጋ ሲወጣ በዓይናችን አይተናል። ማሳው በበጋ ሲዘራ ግን ከብት የሚለቀቅበት ቃርሚያ እንደማይኖርም አይተናል። መሬት የሌላቸው ልጆች ሁለት ሦስት በግ የሚያረቡት በዚያ ቃርሚያ ነው። ረቂቁ ላይ «ወጣቶች» የሚል አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፤ ሥራ ያገኛሉ ተብሎ ሁለት መደመር ተሰጥቶታል። አባቱ መሬት ያካፈለው ልጅና በግ ብቻ ያለው ልጅ እንዴት በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ? ጽፈን መለስንላቸው፤ ለሁለት ከፈሉት፤ በጎቹም ገቡ።

ደግሞም በ18 ቀን ይደርሳል የተባለው በ40 ቀን ደረሰ፤ የዘንድሮ የሽንኩርት ችግኝ አመለጠን። ሰነዱ 41 ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የአማርኛውን ሁለት ገጽ ያገኘነው ለምነን ነው፤ እሱንም እድር ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ይህ ልመና መሆን አልነበረበትም። ስትቀጥሩ የአማርኛውን ጽሑፍ፣ የገበያ ቀን አለመሆኑንና ስንት ቤት እንደሚገቡ ውላችሁ ላይ አስፍሩ፤ የመጨረሻውን ክፍያም እስከዚያ አትልቀቁ።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፤ አራቱም የሦስተኛው ቀን ነው።

የእማማ ውል ባለፈው እሑድ ተጻፈ። ነዳጁ በአራሹ፣ ገለባው የእሳቸው። በአውራ ጣታቸው ፈርመው ከይዞታ ደብተሩ ጋር በዚያው ላስቲክ ጠቀለሉት።