686 ሽጉጥ ወይስ ጂፒ 100? ሁለቱንም ተኩሼ ሞክሬያቸዋለሁ

የአክስቴ ልጅ ከዳላስ ለእረፍት መጥቶ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን፣ ስመለስ ሪቮልቨር (ጥይቱ የሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) ልገዛ ነው የቱን ልውሰድ አለኝ። አምና እሱ ጋ ሄጄ ሁለቱንም ተከራይተን ሞክረናቸው ነበር፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 እና ሩገር ጂፒ 100። ሁለቱም 357 ማግነም ለሚባለው ኃይለኛ ጥይት የተሠሩ ናቸው ግን ጉልበቱ አነስ ያለውን 38 ስፔሻልም ይጎርሳሉ፣ ለልምምድ እሱ ይሻላል ረከስ ይላል ምቱም ለስለስ ያለ ነው።

የ686 ቃታ ግን ቅቤ ነው በቃ! የጂፒው ትንሽ ይከብዳል፣ መኪና ቢሆን ሃይሉክስ በሉት፣ አያምርም ግን አይሰበርም። ጥይት ለመቀየር የ686ን ቁልፍ ወደፊት ትገፋለህ፣ የጂፒውን ወደ ውስጥ ትጫናለህ፣ እኔ እየተምታታብኝ አውራ ጣቴን ላጥኩት😅

የሁለቱም አፈሙዙ ባለ 4 ኢንቹ ከኪሎ በላይ ስለሚመዝን የማግነሙን ምት ይችልልሃል። ትንሿ የሩገር ሪቮልቨር ኤልሲአር፣ ባለ 38 ስፔሻሏ ግን 400 ግራም እንኳን አትሞላም፣ አምስት ጥይት ነው የምትጎርሰው፣ ኪስ ትገባለች ግን መዳፌን ነው የጠበጠበችኝ።

እኛ ጋ እንኳን የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ አይነካም፣ ወሬው ግን ነፃ ነው። እኔ 686 አልኩት፣ እሱ ዋጋውን አይቶ ወደ ጂፒው እያዘነበለ ነው።