በጾም ወቅት ለልጆቼ ከረሜላ ላገኘችልኝ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ፊላደልፊያ ማርኬት ስትሪት ላይ ሼን ኮንፌክሽነሪ የሚባል የከረሜላ ቤት አለ። በፈረንጆቹ 1863 የተከፈተ ነው። እዚያ ለምትሠራ አንዲት ወጣት በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ ፈልጌ ነው። እግረ መንገዴንም ፔንስልቬንያ ውስጥ ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱ የማትቆጩባቸውን ቤቶች ልጠቁማችሁ።

የሚጾሙ ልጆች ያሏችሁ ችግሩን ታውቁታላችሁ። የእኛ የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የፈረንጆቹ በዓል መሐል ጾሙ ላይ ይወድቃል። ትምህርት ቤቱም ጎረቤቱም ቸኮሌት ያድላል፣ አብዛኛው ደግሞ ወተት አለበት፣ ልጆቹም ዓይናቸው እየተንከራተተ ነው የሚከርሙት።

ልጅቷን «ወተትም ቅቤም እንቁላልም የሌለበት ምን አላችሁ?» አልኳት። «አለርጂ ነው?» አለችኝ። ጾም ነው ብዬ ሳስረዳት በደንብ አዳመጠችኝና ጓዳ ገብታ የሚሠሩትን ጠይቃ መጣች። ከዚያ ይሄ አለበት፣ ይሄ የለበትም እያለች አንድ በአንድ ለየችልኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ እሷ ግን ምንም አልቸኮለች፣ ፊቷም አልተቀየረም።

በመጨረሻ ያሳየችን ክሊር ቶይ የሚሉትን ከረሜላ ነው። ስኳርና ውሃ ከበቆሎ ሽሮፕ ጋር ይፈላና በድሮ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። እንስሳ አለ፣ መርከብ አለ፣ ባቡር አለ። ከጀርመን መጥተው ፔንስልቬንያ የሰፈሩ ሰዎች ለገና ለልጆቻቸው የሚሰጡት የቆየ ልማድ ነው። ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው፣ ልጆቼማ «ባንዲራችን!» ብለው ሦስቱንም ካልያዝን አሉ። ትንሹ ፈረስ መረጠ፣ ከሱቁ ሳንወጣ የፈረሱ ጆሮ አልቋል።

ከትልቅ ሱፐርማርኬት ይልቅ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የምመክረው ለዚህ ነው። የሚሠራው ሰው እዚያው ጓዳ ስላለ የጠየቃችሁት መልስ ያገኛል።

ላንካስተር አካባቢ ሊቲትዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እሷን በጣም ነው የወደድኳት። ዊልበር የሚባለው የቸኮሌት ቤት እዚያ ነው። ዊልበር በድስ የሚሏትን እንቡጥ የመሰለች ቸኮሌት ከ1890ዎቹ ጀምሮ ይሸጣሉ። የድሮው ፋብሪካ በ2016 ተዘግቶ ሕንፃው ሆቴል ሆኗል፣ ሱቁ ግን ከመንገዱ ማዶ አለ። እዚያው ከተማ በ1861 የተከፈተ ጁልየስ ስተርጂስ የሚባል የፕሬትዝል (ተጠማዝዞ የሚጋገር ብስኩት) ቤትም አለ፣ ልጆች ሊጡን ራሳቸው እየጠመዘዙ ይማሩበታል።

የቸኮሌት ከተማዋን ሄርሺን ሁሉም ስለሚያውቃት ብዙ አልልም። የመንገድ መብራቶቿ ሳይቀሩ የኪስስ ቸኮሌት ቅርጽ አላቸው፣ ቸኮሌት ወርልድ ውስጥም አሠራሩን በጋሪ እየዞሩ የሚያዩበት ጉብኝት በነፃ ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ሚልተን ሄርሺና ባለቤቱ በ1909 ወላጅ ላጡ ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ሰውዬው በሕይወት እያለ ሀብቱን ለእሱ ሰጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ልጆች ያሳድጋል።

ወደ ፒትስበርግ የምትሄዱ ደግሞ ካነንስበርግ ጎራ በሉ። ሳሪስ በ1960 የተጀመረ ቤት ነው፣ ቸኮሌት የተቀባው ፕሬትዝል ነው ስሙን ያስጠራው። አይስክሬም ቤትም ስላለው ጾም ሲፈታ ብትሄዱ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፣ ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም። የወተት ቅባት የሚገባበት አለ፣ ጀርባውን አንብቡ፣ ካልሆነም ሳታፍሩ ጠይቁ።

ሼን የምትሄዱ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ በበዓል ሰሞን ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃል። መኪና ማቆሚያ ስለሚያስቸግር በባቡር ሄዳችሁ ሰከንድ ስትሪት ጣቢያ ብትወርዱ ሱቁ እዚያው አጠገብ ነው።