ማዮኔዝ፣ እርጎ ወይስ ሎሚና ዘይት? ለቀለል ያለ ኮልስሎ የትኛውን እንግዛ

ደሴ ላይ የሐይቅ አሳ ጥብስ ሲቀርብልን አጠገቡ የሚቀመጠው የጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ ኮልስሎ የምንለው፣ አንዳንዴ ከአሳው በላይ ሆድ ላይ ይከብዳል። ያከበደው ጎመኑ አይደለም። 100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 25 ካሎሪ ገደማ፣ ካሮቱ ደግሞ 40 ገደማ ነው ያለው። ማዮኔዝ ግን አብዛኛው ዘይት ስለሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያው ብቻ ከ90 እስከ 100 ካሎሪ ይይዛል። ስለዚህ ሱቅ ስንገባ ዋናው ጥያቄ ጎመኑን በምን እንለውሰው የሚለው ነው።

መለኪያዬን ላስቀድም፦ ግማሽ ኪሎ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት መካከለኛ ካሮትና ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ለአራት ሰው። አትክልቱ በጠቅላላ 200 ካሎሪ ገደማ ነው።

በተለመደው መንገድ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝና አንድ ማንኪያ ስኳር ሲገባበት ድምሩ ወደ 1,000 ካሎሪ ይጠጋል፤ ለአንድ ሰው 250 ማለት ነው። ጣዕሙን አልክድም፣ ልጆችም የሚወዱት ይህንኑ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚበላ ሰው ግን ይበዛል።

ቅባቱ የተቀነሰ ማዮኔዝ አንዳንድ ሱፐርማርኬት ይገኛል። ካሎሪው እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ የመደበኛው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። የተቀነሰው ዘይት በውሃ፣ በስታርችና በማወፈሪያ ስለሚተካ አንዳንዱ ላይ ስኳር ይጨመራል። ጠርሙሱን አዙራችሁ የምታነቡት በ100 ግራም የተጻፈውን ቁጥር ይሁን፤ በማንኪያ የተጻፈው ሁልጊዜ ትንሽ ይመስላል። ስኳር ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከተጻፈ እኔ አልገዛውም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ እርጎ። 100 ግራም ስኳር የሌለው እርጎ 60 ካሎሪ ገደማ ነው። ስምንቱን ማንኪያ ማዮኔዝ በስምንት ማንኪያ እርጎ ብንተካው ሙሉው ሰላጣ 270 አካባቢ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 70 እንኳ አይሞላም። የታሸገ ከገዛችሁ ፍራፍሬና ስኳር ያልገባበት መሆኑን እዩ፤ ጣፋጩን አምጥቶ ጎመን ላይ ማፍሰስ ያሳዝናል። ከሰፈር ወተት ሻጭ ከገዛችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እማማ፣ ዕቃው በወይራ የታጠነ ነው?» የታጠነ ከሆነ የጢሱ ጠረን ሰላጣው ላይ ይቀራል። ከአሳ ጥብስ ጋር ይህን የሚያክል የለም፣ የሆቴሉን ኮልስሎ ለለመደ እንግዳ ግን እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአቅመ ደካሞች አይሆንም። ለእነሱ ወተቱን አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ከፈላ ወተት የተሠራ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምራችሁ፣ ሸፍናችሁ ብታሳድሩት ይሻላል።

የእርጎ ችግሩ መቅጠኑ ነው። ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ያህል ግዙና በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሦስት ሰዓት አንጠልጥሉት፤ ውሃው ወርዶ ወፈር ይላል። ሲወፍር ካሎሪውም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቢሆንም ከማዮኔዝ ጋር አይወዳደርም። ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ አቼቶ አያስፈልገውም። ስኳሩንም ትቼ አንድ ካሮት እጨምራለሁ።

እርጎ ብቻውን ለማይጥመው ቤተሰብ ስድስት ማንኪያ እርጎና ሁለት ማንኪያ ማዮኔዝ ቀላቅሉ። ለአንድ ሰው 110 ካሎሪ ገደማ ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ የማዮኔዙ ጠረንም አለ። አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ለእኛ ቤት የምመርጠው ይህን ነው።

ወሎ ውስጥ ግን ሰላጣ ለአንድ ቤት ብቻ አይሠራም። እኛ በረመዳን ለኢፍጣር ሠርተን ለጎረቤት ሳህን እንልካለን፤ እነሱ ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ ማዮኔዙ እንቁላል፣ እርጎው ወተት ስለሆነ አይነኩትም። ለዚያ ቀን ሎሚና ዘይት ነው መልሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ማዮኔዝ የለበትም» ብሎ ከጠርሙሱ ዝም ብሎ ያንቆረቁራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ከማዮኔዝም ይበልጣል። የሚጠቅመው ትንሽ ስለሚበቃ ነው፤ ሁለት ማንኪያ በቂ ሲሆን ለአንድ ሰው 110 ካሎሪ ይመጣል፣ በአንድ ማንኪያ ከሠራችሁት ደግሞ 80 ገደማ። የጎደለውን ጣዕም ሰናፍጭ ይሞላዋል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡትና አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ሙቅ ውሃ ኃይሉን ይገድለዋል። ከዚያ ከሎሚው፣ ከዘይቱና ከደቀቀ ቃሪያ ጋር ምቱት።

አቮካዶም ለጾም ይሆናል። 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ስለሆነ መጥፎ አይደለም፣ ግን ቶሎ ስለሚጠቁር ለወዲያው ካልሆነ አልመክረውም።

የትኛውንም ብትገዙ ካሎሪውን የሚወስነው ሌላው ነገር የጎመኑ ውሃ ነው። ገበያ ላይ ጎመኑን በእጃችሁ መዝኑት፤ ለመጠኑ ከበድ ያለውንና ቅጠሉ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለውን ውሰዱ። የላይኛውን ቅጠል ጥላችሁ በሚወርድ ውሃ እጠቡ፣ እንደ ክር አድርጋችሁ ክተፉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ጨምቁት። ወዲያው ስትጨምቁት የሚወጣውን ውሃ ታያላችሁ፤ ካልተጨመቀ ያ ሁሉ ሳህኑ ውስጥ ወርዶ መለወሻውን ያቀጥነዋል፣ እኛም «አልያዘም» ብለን ማዮኔዝ እንደርባለን። እናቴ ደም ግፊት ስላለባት ጨው የነካውን ጎመን አንዴ በውሃ አለቅልቄ እንደገና እጨምቀዋለሁ። ካሮቱ በመፈቅፈቂያ ከተፈቀፈቀ በኋላ ይገባል፣ መለወሻው ደግሞ ሊቀርብ ሲል ነው።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ያግዛል፤ ኮምቦልቻና ባቲ ግን ይሞቃል። እርጎም ሆነ ማዮኔዝ የገባበት ሰላጣ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሰኞ ለባቲ ገበያ ምሳ ይዞ የሚወርድ ሰው ሎሚና ዘይቱን ይምረጥ፤ የተጨመቀውን ጎመን በአንድ ዕቃ፣ መለወሻውን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ እዚያው ሲደርስ ያዋህደው።