የፊልተር ማጠቢያ ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ እንዳትገዙ!!

አኳሪየም ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ "የፊልተር ሚዲያ ማጠቢያ" እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ (ሚዲያ ማለት ፊልተሩ ውስጥ ገብቶ ውሃውን የሚያጣራው ስፖንጅ፣ ሴራሚክና ካርቦን ነው)። ኦንላይን ነው ያዘዝኩት፣ የሻጩን ስም አልጠራም፣ ያው ነገር በሌላ ሌላ ስም ስለሚሸጥ ስሙን ብታውቁትም ብዙ አይጠቅማችሁም። ማስታወቂያው ስፖንጁም ሴራሚኩም ካርቦኑም በአንድ እጥበት አዲስ ይሆናል፣ ለዓሳ ሴፍ ነው፣ ምንም አይተውም ይላል። እቃው ሲደርስ ጠርሙሱ ላይ የሚያምር ዓሳ አለ እንጂ ውስጡ ምን እንደገባ የሚናገር አንዲት ቃል የለም። ምን ኬሚካል ነው ብዬ ብጽፍላቸው "ናቹራል ፎርሙላ ነው" አሉኝ። ናቹራል ምን? ስል ዝም።

ውስጡ ያለውን የማላውቀውን ነገር ታንክ ውስጥ አልጨምርም፣ ስለዚህ ልጥለው የነበረ አሮጌ ስፖንጅና ትንሽ ሴራሚክ ባልዲ ውስጥ አድርጌ በመመሪያው መሰረት አጠብኩት። እውነቱን ለመናገር ያጸዳል፣ ፍክት ብሎ ነው የወጣው። መመሪያው አንዴ አለቅልቃችሁ መልሱት ነው የሚለው፣ እኔ ግን ደጋግሜ አለቅልቄ ንጹህ ውሃ ያለበት ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ስወዘውዘው አረፋ፣ ውሃውን ቀይሬ ስወዘውዘው አሁንም አረፋ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ስሞክረው አሁንም አረፋ!! እንደዚህ ቶሎ የማይከስም አረፋ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ሳሙና ወይ የሳሙና ዘመድ ነው፣ ሽታውም ቢሆን የእቃ ማጠቢያ ነው።

ሰሃን ቢሆን ችግር የለውም ምክንያቱም ሰሃን ልሙጥ ነው፣ ፊልተር ሚዲያ ግን ሙሉ በሙሉ ቀዳዳ ነው፣ የምንገዛውም ለቀዳዳው ነው። ሳሙናው እዛ ውስጥ ይገባና ፊልተሩን መልሳችሁ ስታስነሱት ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። ዓሳ ደግሞ ስንጥቡን የሚሸፍንለትን ያንን ስስ ልጋግ ሳሙና ሲነካበት መተንፈስ ይከብደዋል፣ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ታዩታላችሁ። ያኔ ሰው ታሞብኝ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል፣ ምናልባትም ከዛው ሻጭ 😏

እሺ ሳሙናው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ወጣ እንበል፣ ያም ቢሆን ኪሳራ ነው። ሚዲያው ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ከዓሳው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት፣ አሞኒያና ናይትራይት ዓሳ ይገድላሉ፣ ናይትሬት ግን በጣም ካልበዛ ውሃ ስትቀይሩ የሚወጣ ነገር ነው። "አዲስ ያደርገዋል" ሲሉ እነሱን ጠራርጎ ያወጣል ማለታቸው ነው፣ እንደገና እስኪባዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ካርቦኑን በተመለከተ የሚሉት ደግሞ ውሸት ነው በቃ። አክቲቬትድ ካርቦን (ቆሻሻ የሚመጠው ከሰል) አንዴ ከሞላ ወደ ቦታው የሚመለሰው ፋብሪካ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ነው፣ በፈሳሽም በቤት ምድጃም አይሆንም። ጥላችሁ አዲስ አስገቡ።

የሚያስቀው ትክክለኛው አስተጣጠብ ነጻ መሆኑ ነው። ውሃ ስትቀይሩ ከታንኩ ያወጣችሁትን አሮጌ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀሩና ስፖንጁን እዛው ጨመቅ ጨመቅ፣ ሴራሚኩን ነከር ነቅነቅ፣ አለቀ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር አትጨነቁ፣ ውሃ በደንብ ካሳለፈ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት) ከሆነ ደግሞ ውሃውን አሳድራችሁትም አይጠፋም፣ ኮንዲሽነር (የጸጉሩ ሳይሆን የቧንቧ ውሃን ክሎሪን የሚያጠፋው የአኳሪየም ፈሳሽ) ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠቡ፣ ዛሬ ግማሹን፣ ሌላውን ከተወሰነ ሳምንት በኋላ፣ ፊልተሩንም ለሰዓታት አጥፍታችሁ አትተዉት።

በሽታ ገብቶ ወይ ሰው የተጠቀመበት ሚዲያ ገዝታችሁ ጀርሙን የግድ መግደል አለብኝ ካላችሁ ስፖንጁን ጣሉት፣ ሴራሚኩን ግን ሽቶ የሌለው፣ ወፍራም ያልሆነ ተራ በረኪና 1 እጅ ለ20 እጅ ውሃ አድርጋችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት (ወፍራሙ በረኪና ብዙ ጊዜ ሳሙና አለው፣ ከላይ ወዳወራነው ችግር መለሳችሁ ማለት ነው)። ከዛ ብዙ ውሃ፣ ከዛ ከወትሮው በዛ ያለ ኮንዲሽነር ያለበት ውሃ ውስጥ፣ ከዛ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ አየር ላይ ማድረቅ። በረኪናና ኮምጣጤ ግን በጭራሽ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ እናንተንም ይጎዳችኋል። ኮምጣጤ ፓምፑ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ለማስለቀቅ ለብቻው አሪፍ ነው። እንደዚህ የተጠበ ሚዲያ ባዶ ነው፣ እንደ አዲስ ባክቴሪያ ማስያዝ አለባችሁ።

ፈሳሹን ቀድሞ የተጠቀመ ካለ ሚዲያውን አሁኑኑ አውጡት፣ ውሃውን ኮንዲሽነር ባለበት ውሃ በብዛት ቀይሩ፣ የአየር ፓምፕ ክፈቱ፣ አዲስ ካርቦን አስገቡ፣ ካርቦን ሳሙናውን በተወሰነ ደረጃ ይይዛል። ከዛ አሞኒያና ናይትራይቱ 0 እስኪሆኑ በየቀኑ ቴስት አድርጉ፣ ምግብም ቀንሱ።

እኔ ሪፈንድ ስጠይቅ "የተከፈተ ጠርሙስ አንመልስም" ነው ያሉኝ፣ ስለዚህ ገዝታችሁ ያልከፈታችሁ ካላችሁ ክዳኑን ሳትነኩ ዛሬውኑ መልሱት።