«ባሻ»ን ያልጣለች ማተሚያ ቤት

የታናሽ ወንድሜን የሠርግ ጥሪ ካርድ ሁለት ጊዜ አሳተምን። የመጀመሪያውን ቤት ስም አልጠራም። የሁለተኛዋን ግን ለምን እንደወደድኳት ልንገራችሁ። አራት ኪሎ አንድ ሕንፃ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

አባቴ ሻምበል ባሻ ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በ1983 ሠራዊቱ እስኪበተን ድረስ አገልግሏል። ዩኒፎርሙን ካወለቀ ስንት ዘመን ሆነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ዛሬም «ባሻዬ» ነው። ዕድር ላይ «ባሻዬ»፣ ሱቅ ሲሄድ «ባሻዬ»። በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ናት።

የመጀመሪያዎቹን 300 ካርዶች ተረክበን ቤት ስንከፍታቸው «ሻምበል» ይላሉ። «ባሻ» የለችም። ስደውል የማተሚያ ቤቱ ልጅ «መስመሩ አልበቃ ብሎኝ ነው፤ ደግሞ ሻምበል ይበልጥ የለ እንዴ፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ከፍ ያደረገው መስሎት ነው።

ሻምበል ባሻ ከሃምሳ አለቃ በላይ ያለ ባለሌላ ማዕረግ ነው፤ መኮንን አይደለም። ሻምበል ደግሞ መኮንን ነው። በመሃላቸው ምክትል መቶ አለቃና መቶ አለቃ አሉ። ልጁ አንዲት ቃል ጥሎ አባቴን ስንት ደረጃ አዘለለው። አባዬ ካርዱን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከስሙ ፊት ያለችውን ቃል በአውራ ጣቱ ሸፈናት። ገለጣት፣ እንደገና ሸፈናት። «ይሄ የሌላ ሰው ነው» አለ። «ያልለበስኩትን አልለብስም።»

በዚያ ላይ የሙሽሪት አባት ጡረታ የወጡ ሻለቃ ናቸው። ቤተሰቦቹ መጀመሪያ የተገናኙ ቀን የሆነውን አልረሳውም። ሻለቃ በዕድሜ አባዬን በ14 ዓመት ያንሳሉ። በሩን አልፈው ሲገቡ አባዬ ከሶፋው ተነሳ። ተረከዙን ገጠመ፣ ቀጥ አለ። ባርኔጣ ስላላደረገ ለወታደራዊ ሰላምታ እጁን አላነሳም። ሻለቃ ደግሞ «ኧረ አይነሱብኝ፣ እርስዎ እኮ አባት ነዎት!» ብለው ጎንበስ ብለው ትከሻውን ሳሙት። አንዱ ማዕረግ አከበረ፣ አንዱ ዕድሜ። ቀድሞ የሚቀመጥ ጠፋ። እናቴ «ምሳው ቀዘቀዘ እኮ» ባትል ቆመው ይውሉ ነበር። ያ ካርድ እንግዲህ እኚህ ሰው እጅ ሊገባ ነበር።

አራት ኪሎ አባዬን ራሱን ይዤው ሄድኩ። ባለቤቷ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት። ከዚያ አንድ ወፍራም ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበችለት። «አባባ፣ ካርዱ ላይ እንዲወጣ የሚፈልጉትን በእጅዎ ይጻፉልኝ።» የፊተኛዎቹን ገጾች አየት አደረግኳቸው። ቀሲስ፣ መምህር፣ ኢንጂነር፣ ሌተና ኮሎኔል፤ ሁሉም በየባለቤቱ እጅ ጽሑፍ። አባዬ ቀስ ብሎ «ሻምበል ባሻ» ብሎ ጻፈ።

እኔ «ቦታ ካነሰ ይጠር» አልኳት። «ማዕረግ አላሳጥርም» አለችኝ። «ሻ/ል እና ሻ/ቃ ስንቴ ተምታተውብኛል።» ከዚያ የእናቴን ስም ወደ ታችኛው መስመር አወረደችው፣ ፊደሉን ትንሽ አሳነሰችው፣ ሁሉም ቦታውን ያዘ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። የመጀመሪያው ልጅ ያጣው ቦታ ይሄ ነበር።

አባዬ ደስ ሲለው ጨዋታ ይመጣለታል። «አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ ሲያሸንፍ ሻምበል አልነበረም» አላት። «የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሻምበልነቱ ኋላ፣ በየደረጃው ነው የመጣው።» እኛ ሲቪሎች ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ስንል ማዕረጉን እንደ ስም ለምደነዋል። ለባለቤቱ ግን እያንዳንዷ ደረጃ የተሰጠችበት ቀን አላት። አባዬ «ባሻ» የተባለበትን ቀን እስከነሰዓቱ ይነግራችኋል።

ዋጋዋ ወደድ ይላል። የመጀመሪያው ቤት ካርዱን በ40 ብር ነበር የሠራው፣ እሷ 55 ብር አስከፈለችን። ሁለት ቀንም ዘግይታለች። የፖስታው ማጣበቂያ ደካማ ስለሆነ ብዙዎቹን እኛው ቤት በሙጫ አጣበቅናቸው። ይሄን ብታስተካክል ደስ ይለኛል። ናሙናውን ግን ሦስቴ በቴሌግራም ልካልናለች፤ አባዬ «ይሁን» ሳይል ማሽን አላስነሳችም። ከሄዳችሁ ባለማዕረጉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ በእጁ አስጽፋችሁ ውሰዱላት።

ካርዱ የደረሳቸው ቀን ማታ ሻለቃ ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገነው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ሻምበል ባሻ፣ እንደምን አመሹ?» አሉ፣ ሙሉውን። አባዬ ስልኩን ያነሳው ተቀምጦ ነበር። ሲያወራ ግን ቆሞ ነው።