ባለገመድ ድሪል ወይስ ባለባትሪ? ለቤት አንድ ብቻ ለሚገዛ

«ድሪል ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። ጠያቂው ይለያይ እንጂ መልሱ ለአብዛኛው ቤት ያው ነው፦ ቤት ውስጥ የሚኖረው ድሪል አንድ ብቻ ከሆነ ባለገመዱን ግዙ። ከ600 እስከ 750 ዋት የሆነውን፣ አፉ እስከ 13 ሚሊሜትር ፑንታ (መብሻ ብረት) የሚነክሰውን፣ መዶሻማ የሚባለውን እየዞረ የሚመታውን፣ ፍጥነቱ እንደ ማብሪያ ምላጩ አጫጫን የሚጨምርና የሚቀንሰውን። ባለባትሪው መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ ሁለተኛ ሆኖ ሲገዛ ነው የሚያምርበት።

ዋጋው በደንብ ሲሰላ

ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በእጥፍ እናስላው። ደህና የሚባል ባለገመድ ድሪል ዋጋው 1 ነው እንበል። በዚያው የጥራት ደረጃ ያለ ባለ18 ቮልት ባለባትሪ፣ ሁለት ባትሪና ቻርጀሩን ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ይጠጋል። ገዢው አይቶ የሚወስነው ይህንን ነው፤ «እጥፍ ነው፣ ግን ከገመድ ጣጣ ይገላግለኛል» ብሎ። የማያየው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ኦሪጅናል ባትሪ ለብቻው ሲገዛ፣ አንዱ ብቻ፣ ከአንድ ሙሉ ባለገመድ ድሪል ዋጋ ብዙም አይርቅም። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ተሠራበትም ተቀመጠም ያረጃል፤ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሙቀት ቦታ ከተቀመጠ ይብስበታል። ድሪሉን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚያወጣ ቤት ባትሪው የሚያልቀው ሥራ ላይ ሳይሆን መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ባትሪ የመተካት ቀን ሲመጣ ሂሳቡ 1 ለ4 ይደርሳል። ባለገመዱ እስከዚያ ቢጠይቅ አንድ ጥንድ ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ትንንሽ ቁራጮች) ቢጠይቅ ነው፤ እሱም ከዋጋው አንጻር ኢምንት ነው።

የዋጋ ወጥመዱ ሌላም መልክ አለው። በጣም የረከሰ ባለባትሪ ድሪል ካያችሁ መጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ባትሪና ቻርጀር መኖሩን ጠይቁ። ብዙ አምራቾች መሣሪያውን ባዶውን፣ ለብቻው ይሸጣሉ፤ ያ የሚያዋጣው የዚያው ዓይነት ባትሪ ቀድሞ ቤቱ ላለው ሰው ነው። ከአንድ ባትሪ ጋር የሚሸጠውም ባትሪው 1.5 አምፒር አወር (የሚይዘው የኃይል መጠን) ከሆነ ኮንክሪት ላይ ጥቂት ቀዳዳ ሠርቶ ቻርጀር ላይ ይወጣል፤ እናንተም መሰላሉ ሥር ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

ግድግዳው ማንን ይመርጣል?

ቤት ውስጥ ድሪል የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለግድግዳ ነው፦ የመጋረጃ ባስቶን፣ መደርደሪያ፣ የቴሌቪዥን መስቀያ፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወት። ቀዳዳው 6፣ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው። ተራ መዶሻማ ድሪል የሚመታው ውስጡ ያሉ ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ነው። ቀለበቶቹ እንዲገናኙ ከኋላ የሚጫን ክንድ ይፈልጋሉ፤ በተጫናችሁ ቁጥር ሞተሩም ይከብደዋል። ሶኬት ላይ የተሰካው ይህን ሳይሰለች ይሸከማል። ባለ18 ቮልቱ ጡብና ብሎኬት ላይ አያሳፍርም፤ ኮንክሪት ላይ ግን ባትሪው ሲወርድ በዓይን ይታያል። ባለ12 ቮልቷን ትንሿን ግን ለኮንክሪት ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ሁሉ ፌሮ ያለበት ጠንካራ ኮንክሪት ከሆነ ክርክሩ ይለወጣል። ያኔ የሚገዛው ሁለቱም ሳይሆን ባለገመድ ኤስዲኤስ የሚባለው የኮንክሪት መብሻ ነው። እሱ የሚመታው በጥርስ ሳይሆን በፒስተንና በታመቀ አየር ስለሆነ በኃይል መጫን አያስፈልግም፤ ተራው ድሪል ደቂቃ የሚለፋበትን ቀዳዳ በሰከንዶች ይጨርሳል። ጉድለቱ፣ ፑንታው ኤስዲኤስ እግር ያለው መሆን አለበት፤ ተራ ፑንታ በመቀየሪያ አፍ ሲገባበት ደግሞ ይወዛወዛል፤ ለእንጨትና ለብረት የተጣራ ቀዳዳ አይሰጥም።

የባለባትሪው ጉልበት ቪቴ ላይ ነው፤ እዚያ ባለገመዱ አይወዳደረውም። አንገቱ ላይ ያለው ባለቁጥር ቀለበት ቪቴው ሲጠብቅ «ጠጠጠ» ብሎ ይለቃል፤ የቁም ሣጥን ማጠፊያን 16 ሚሊሜትር ቪቴ ቺፑድ ውስጥ ስታስገቡ በ3 ወይም በ4 ቁጥር ጀምሮ ካልበቃ መጨመር ነው። ባለገመዱ ይህ የለውም። በደቂቃ ወደ 2,800 ዙር ስለሚሽከረከር የቪቴውን ራስ ይልጠዋል፣ ወይም ቺፑዱን አልፎ ይሰምጣል። መላው ቀላል ነው፦ ለ4 ሚሊሜትር ቪቴ በ2.5 ወይም በ3 ፑንታ ቀድሞ መብሳትና በካቻቢቴ በእጅ ማጥበቅ። ለአንድ ሣጥን ይህ ምንም አይደለም። ለሙሉ የወጥ ቤት ካቢኔት ግን የእጅ አንጓ ያሳብጣል፤ እውነቱ ይነገር።

ጥገናው

ባለገመድ ድሪል ሲበላሽ የሚበላሽበት ቦታ ይታወቃል። ተራ በተራ ስንሄድ፦ ገመዱ እጀታው ሥር ይበጠሳል፤ ካርቦን ያልቃል፤ ማብሪያው ይቃጠላል፤ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት) ይጮኻል፤ በመጨረሻ አርማቹሩ (የሚሽከረከረው የሞተሩ ጥቅል) ይቃጠላል። ከአርማቹሩ በስተቀር ሁሉም ርካሽ ናቸው። ገመዱን እጀታው ሥር ስታወዛውዙት ሞተሩ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ ከተበጠሰበት ጋር 10 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ ጥሎ መልሶ ማሰር ነው፤ ድሪሉ ሞቷል ተብለው ከሚጣሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

ካርቦን ማለቁ የሚታወቀው ብልጭታው ሲበዛና ድሪሉ ሲቆም መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ሲሆን ነው። ከሶኬት ንቀሉ። አንዳንዱ ድሪል በጎንና በጎኑ በካቻቢቴ የሚፈታ ክዳን አለው፤ ከሌለው የአካሉ ቪቴዎች ተፈትተው ግማሹ ይነሳል፤ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሽቦውን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሁለቱንም ካርቦን አውጡና ለኩ፤ 5 ሚሊሜትር ገደማ ከደረሱ ጊዜያቸው አልቋል። አንዱ ቢተርፍም የሚለወጡት ጥንድ ሆነው ነው። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውፍረት፣ ስፋትና ርዝመቱ የሚገጥም ፈልጉ። ጥቂት ከወፈረ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጎኑን ማሸት ይቻላል፤ ዋናው ነገር መያዣ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ሳይያዝ ወዲያ ወዲህ መንሸራተቱ ነው፤ ከተያዘ ስፕሪንጉ ሊገፋው ስለማይችል ብልጭታው ይቀጥላል። ከገጠማችሁ በኋላ ያለምንም ሥራ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን አሽከርክሩት፤ የካርቦኑ ፊት በዚያ ይስተካከላል።

አርማቹሩን የሚገድለው ሰው ነው። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ሞተሩ ዘንግ ላይ ስላለ ድሪሉ ቀስ ብሎ ሲዞር ንፋሱም ያንሳል። ስለዚህ ምላጩን በግማሽ ይዞ ለረጅም ጊዜ በኃይል መጫን ሞተሩን መጥበስ ነው። ሲግል አጥፍታችሁ አታስቀምጡት፤ ከግድግዳው አውጥታችሁ በሙሉ ፍጥነት አንድ ሁለት ደቂቃ ባዶውን አሽከርክሩት። የኤክስቴንሽን ገመዱም ቀጭን ከሆነ ቮልቱ ወርዶ ሞተሩ ይቸገራል፤ እስከ 25 ሜትር 1.5 ሚሜ ካሬ ሽቦ ይሁን፤ ጥቅሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ እንደተጠቀለለ ከተሠራበት ይግላል።

ባለባትሪው ሲበላሽ ግን በአብዛኛው ሞተሩ ደህና ነው፤ የሞተው ባትሪው ነው። ባለ18 ቮልት ባትሪ ውስጥ 3.6 ቮልት የሆኑ 5 ሕዋሶች ተከታትለው ታስረዋል። አንዱ ሲደክም አራቱ ጤነኛ ቢሆኑም ቻርጀሩ አልቀበልም ይላል። «አንዱን ብቻ እንቀይርልህ» የሚል ጠጋኝ ይመጣል፤ አዲስ ሕዋስ ከአሮጌዎቹ ጋር አይስማማም፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። በብየዳ ካውያ የሚያያይዝ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ሕዋሱን ይጎዳዋል፤ ሥራው በቀጭን የኒኬል ጥብጣብና በስፖት (በነጥብ) ብየዳ የሚሠራ ነው። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ሊቲየም ባትሪ ቤት ውስጥ አይከፈት፤ እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም። ካርቦን አልባ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ሞተር ጉልበቱም ቁጠባውም ጥሩ ነው፤ መቆጣጠሪያ ካርዱ የተቃጠለ ዕለት ግን መለዋወጫው ከመሣሪያው ጋር ይቀራረባል።

ፎርጅዱን መለየት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው። በካርቶኑ ላይ 48፣ 88፣ 128 ተብሎ በትልቁ የተጻፈባቸው ባለባትሪ ድሪሎች አሉ፤ ከቁጥሩ ጎን «ቪ ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ ቮልት መስሏችሁ አትደነቁ። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ያው 5 ሕዋስ ነው። ኦሪጅናሎቹ 20 ቮልት የሚሉትም ከ18 ቮልቱ አይለይም፤ 5 ሕዋስ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 21 ቮልት ገደማ ስለሚደርስ ነው ስሙ የተለወጠው።

አምፒር አወሩን ለማጣራት ባትሪውን ሚዛን ላይ አኑሩት። 18650 የሚባለው የተለመደው ሕዋስ፣ 18 ሚሊሜትር ወፍሮ 65 ሚሊሜትር የሚረዝመው፣ አንዱ ወደ 45 ግራም ይመዝናል። 4 አምፒር አወር ለማግኘት እንደነዚህ ያሉ 10፣ አምስት አምስት ሆነው በሁለት ረድፍ፣ ያስፈልጋሉ፤ ሕዋሱ ብቻ 450 ግራም ሆነ ማለት ነው፣ ፕላስቲኩና ካርዱ ሳይጨመሩ። «4.0» ወይም «6.0» ተብሎ ተጽፎበት ከግማሽ ኪሎ በታች የሚመዝን ባትሪ ካገኛችሁ መልሱት። ርካሹን የግድ የሚገዛ ሰው ቢያንስ የማኪታን ባለ18 ቮልት ባትሪ አገጣጠም የቀዳውን ይምረጥ፤ ያ ቅርጽ በብዙ አምራች ስለሚቀዳ ምትክ ባትሪ አይጠፋለትም። ማንም የማያውቀው ቅርጽ ያለው ባትሪ ከሆነ ግን አምራቹ ሞዴል የቀየረ ዕለት ድሪሉም አብሮ ይጣላል።

የባለገመዱም ፎርጅድ ሞልቷል፤ ግን ሱቅ ውስጥ ይያዛል። አንደኛ ክብደቱ፦ 13 ሚሊሜትር አፍ ያለው መዶሻማ ድሪል ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ በእጅ ሲይዙት ከቀለለ የሞተሩ ሽቦ ጥቅል መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ ሲቃጠልም ማስጠቅለሉ አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ረጅም ቀጭን ፑንታ አስገብታችሁ ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጉና ጫፉን ተመልከቱ። ጫፉ ባለበት የቆመ መምሰል አለበት፤ ክብ ከሠራ አፉ ወይም ዘንጉ ጠማማ ነው። አፉን በእጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ የሚላወስ ከሆነ ውስጡ ኩሽኔታ ሳይሆን ተራ ቡሽ (ኳስ የሌለው ቀለበት) ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ አንድ ደቂቃ አሽከርክራችሁ በአየር መውጫው ወደ ውስጥ እዩ፤ ካርቦኑ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጤና ነው፤ ብልጭታው ካርቦኑ የሚነካውን ቀለበት ዞሮ የሚከብ ከሆነ አትውሰዱት። አፉ በቁልፍ የሚጠብቀውን ምረጡ፤ በሦስቱም ቀዳዳ ዙሮ ካልጠበቀ ግን በምቱ ፑንታው ይፈታል።

ያገለገለ መግዛት ለሚያስብ፣ ባለገመድ ከላይ ባለው ፈተና ካለፈ ያለሥጋት ይገዛል። ያገለገለ ባትሪ ግን ስንት ቢረክስ ውድ ነው።

ከዋጋው የተረፈው ለፑንታ ይዋል። ጫፉ ካርባይድ የሆነ 6፣ 8 እና 10 የግድግዳ ፑንታ፣ ልካቸው የገጠመ ፊሸር (ቪቴው የሚይዝበት የፕላስቲክ ቱቦ)፣ አንድ የብረት ፑንታ ስብስብ። ቀዳዳው ከፊሸሩ 10 ሚሊሜትር ያህል ይጥለቅ፣ አቧራውም ይውጣ፤ ካልወጣ ፊሸሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ላይ ምቱን አጥፉት፤ የውስጡን ግድግዳ ስለሚያፈርሰው ፊሸሩ የሚይዘው ያጣል። ሴራሚክ ላይም እንደዚሁ፦ ፕላስተር ለጥፋችሁ ያለምት ጀምሩ፣ ሴራሚኩ ካለፈ በኋላ ብቻ ምቱን አብሩ። ፑንታው ድንገት አልሄድ ካለ ፌሮ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ አትታገሉት፣ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ፈቀቅ በሉ።

ባለባትሪውን መጀመሪያ መግዛት ያለበት ሰውም አለ፦ ግድግዳ መብሳት የማይፈቀድለት ተከራይ፣ የሚገጣጠም የቤት ዕቃ ደጋግሞ የሚሠራ፣ መብራት በሌለበት የሚሠራ። ለእሱ ባለ12 ቮልቷ ትበቃዋለች፤ ቀላል ናት፣ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ሥራ ሲያልቅ ባትሪውን ከመሣሪያው ነቅሎ፣ በግማሽ ገደማ ቻርጅ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጠው፤ በየሦስት ወሩም ቻርጁን ይመልከት፤ ጨርሶ ባዶ ሆኖ የከረመ ባትሪን ቻርጀሩ መልሶ አይቀበለውም።